ዐቃቤ ሕግ ቢጠፋ ሻምበል አለ!

እንደ አሜሪካ ያለ ብልህ አገር ከየት ይገኛል? ዐቃቤ ሕግ ሲያንሰው ማስታወቂያ አውጥቶ፣ ፈትኖ፣ አወዳድሮ ጊዜውን አያባክንም። ለፔንታጎን ይደውላል፣ አለቀ።

በ2025 ኦገስት ዋሽንግተን ዲሲ የሆነው ይኸው ነው። 20 ያህል የጦሩ ጠበቆች «ልዩ ረዳት ዐቃቤ ሕግ» ተብለው ሲቪሉን ሊከሱ ተላኩ። ጉድለቱ ከየት መጣ እንዳትሉኝ። በ2021 የአሜሪካን ምክር ቤት ሕንፃ፣ ካፒቶልን፣ የወረሩትን ከከሰሱት ዐቃብያነ ሕግ ከደርዘን በላይ የሚሆኑት እኮ በዚያው በ2025 ጃንዋሪ ከዲሲው ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ተባረዋል! መጀመሪያ ማባረር፣ ቀጥሎ «ሰው አጣን» ብሎ እሪ ማለት፣ ከዚያ ወታደር መጥራት። ወይ የሰው ኃይል አስተዳደር!

ነገሩ ድሮም ነበር። ጦር ሰፈር ውስጥ ጠጥቶ ሲነዳ የተያዘን ሲቪል የግቢው የሕግ መኮንን ይከሰዋል፤ ማንም ጉዳዬ አይለውም። አሁን መንግሥት አጥሩን ትንሽ ገፋ አደረገና ከተማዋን በሙሉ ወደ ውስጥ አስገባት። የሐበሻ ምግብ ቤት ካለበት ከዲሲው ዩ ስትሪት ቁጭ ብሎ ክትፎውን የሚበላው ወገኔ ሳያመለክት ካምፕ ገባላችሁ። ጦሩ ሲቪል ላይ ሕግ እንዳያስከብር የሚከለክል የ1878 ሕግ አለ እያሉ የሚነዘንዙ አይጠፉም። ለእነሱም መልስ የሚሰጥ ሻምበል ይፈለግላቸዋል።

እኔን በጣም የገረመኝ ግን የመከላከያ ሚኒስትሩ የፒት ሄግሴት ጥበብ ነው። ሰውየው በፌብሩዋሪ የጦሩን ዋና ዋና ጠበቆች ሲያባርር ምክንያቱ ለትእዛዝ እንቅፋት እንዳይሆኑ ነበር። ወታደሩን «ይሄ በሕግ ያስጠይቃል» ሲሉት እንቅፋት፣ ሲቪሉን ሲከሱት ግን ወርቅ! ደግሞስ ሲቪሉ ዐቃቤ ሕግ መዝገቡ ካልጣመው ደብዳቤውን ጥሎ ውልቅ ይላል። መኮንን እንዲህ ያለ ቅብጠት አያውቅም፤ ወዴት ይሄዳል?

አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። በዚያው ኦገስት የፌዴራል ሕግ አስከባሪ ላይ ሳንድዊች ወረወረ የተባለውን ሰው በከባድ ወንጀል እንክሰስ ሲሉ ክስ ይመሥረት አይመሥረት ብሎ የሚወስነው የተራ ዜጎች ስብስብ፣ ግራንድ ጁሪው፣ እምቢ አለ። ወደ ቀላል ወንጀል አውርደው ቢያመጡትም ኖቬምበር ላይ ፍርድ የሚሰጥ ሌላ የዜጎች ጁሪ ነፃ ለቀቀው። ችግሩ ታያችሁ አይደል? ጁሪው ገና ሲቪል ነው።