«ጥሩ ሐሳብ ነው» መባል ማስረጃ አይደለም

ስታርታፕ፣ ማለትም በአዲስ ሐሳብ ላይ የቆመ ጀማሪ ኩባንያ፣ ሊጀምር ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወዳጆቹን ይሰበስብና «እንዲህ ያለ መተግበሪያ ቢሠራ ትጠቀማላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ሁሉም እሺ ይላሉ፤ እሺታ ምን ያስከፍላል? መጠየቅ ያለበት ስላለፈው ነው፦ ችግሩ መጨረሻ የገጠመህ መቼ ነው? ያኔ ምን አደረግህ? ምን ያህል ገንዘብና ሰዓት ፈጀብህ? በደብተርም ሆነ በኤክሴል እየታገለ ችግሩን ለማቃለል የሚጥር ሰው ከተገኘ ተስፋ አለ። «ያናድደኛል» እያለ አንድም መላ ሞክሮ የማያውቅ ግን ምርቱ ሲወጣም አይገዛም። ከዘመድና ከጓደኛ ውጭ ከ15 እስከ 20 ሰው ማነጋገር ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ መልሱ መደጋገም ሲጀምር ይቆማል።

ከዚያ ምርቱን ሳይሠሩ መሸጥ ይመጣል። በኢንተርኔት ጫማ የሚሸጠው የአሜሪካ ኩባንያ የዛፖስ መሥራች ኒክ ስዊንመርን በ1999 ጫማ አላከማቸም። ሱቅ ያሉ ጫማዎችን ፎቶ አንስቶ ድረ ገጽ ላይ አወጣ፤ ትእዛዝ ሲመጣ ከሱቁ ገዝቶ ላከ። ለትርፍ የሚሆን አሠራር አልነበረም፤ ሰው ጫማ ሳይለካ በኢንተርኔት ይገዛ እንደሆነ ግን አሳየው። ጁሴሮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በተቃራኒው ከባለሀብቶች ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቦ፣ ራሱ በከረጢት አሽጎ የሚሸጠውን የተከተፈ ፍራፍሬና አትክልት የሚጨምቅ ማሽን ሠራ። በ2017 ጋዜጠኞች ከረጢቱን በእጅ ጨምቀው ያንኑ ጭማቂ ሲያወጡ ጉዱ ታየ፤ ኩባንያው በዚያው ዓመት ተዘጋ። ባለሀብት ገንዘብ ስላስገባ ደንበኛ ይመጣል ማለት አይደለም። ኢሜይል መመዝገብም ደካማ ምልክት ነው፤ ክብደት ያለው ምልክት ቀብድ መክፈል ነው።

ሒሳቡን ብዙዎች ይዘሉታል። ደንበኛ በወር 100 ከፍሎ 60ው ለአገልግሎቱ ወጪ ከዋለ 40 ይተርፋል። እሱን ለማምጣት ለማስታወቂያና ለሽያጭ 400 ከወጣ፣ ገንዘቡ የሚመለሰው በ10 ወር ነው። ደንበኛው በ6ኛው ወር ከሄደ 160 ከስረናል። እንዲህ ባለ ንግድ ደንበኛ በበዛ ቁጥር ኪሳራው ይበዛል፤ «ስናድግ ይስተካከላል» የሚለው መልስ የሚሠራው የትኛው ወጪ፣ ለምን እንደሚቀንስ በስም ማስረዳት ሲቻል ብቻ ነው።

የማቆሚያው መስፈርት ከሙከራው በፊት ይጻፍ። ለምሳሌ፦ በ6 ሳምንት ውስጥ ምርቱን ካቀረብንላቸው 100 ሰዎች 5ቱ ቀብድ ካልከፈሉ እናቆማለን። ውጤቱ ከታየ በኋላ የሚወጣ መስፈርት ሁልጊዜ ለሐሳቡ ያደላል። ቁጥሩ ካልሞላ ምርቱ ላይ ሌላ ነገር ከመጨመር ይልቅ ደንበኛውን መቀየር ይሻላል፤ ችግሩ የሚብስበት ሌላ ዓይነት ሰው ሊኖር ይችላል። እዚያም ካልሞላ ሐሳቡን መተው ነው።