ኢድቮር በልጇ ስም ብቻ መኖር የለባትም

ስለ ሰርቢያ ሕዝብ ማነስ ሲወራ የሚጠቀሰው ሁሌ የአገሪቱ ድምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ከኮሶቮ ውጪ 7,186,862 ሰው ተቆጠረ። በ2022 ደግሞ 6,647,003። በ11 ዓመት ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው ጎደለ ማለት ነው። ለእኔ ግን ነገሩ የሚገባኝ አንዲት መንደርን ሳስብ ነው።

ኢድቮር ትባላለች፤ ባናት በሚባለው የሰሜን ሰርቢያ ሜዳ ላይ ያለች የገበሬ መንደር ናት። በ2002 ቆጠራ 1,198 ነዋሪዎች ነበሯት። የድሮዎቹ ሰዎቿ ገበሬም ወታደርም ነበሩ። የኦስትሪያው ንጉሠ ነገሥት መሬትና መብት ሰጣቸው፣ እነሱም ከኦስማን ቱርክ ጋር የሚዋሰነውን ድንበሩን ጠበቁለት። ኋላ ንጉሡ ያን ውል አፍርሶ አካባቢውን ለሃንጋሪ አስተዳደር ሲያስረክብ ብዙዎች እንደ ክህደት ቆጠሩት።

ሚሃይሎ ፑፒን የዚህች መንደር ልጅ ነው። ልጅ ሳለ ከእኩዮቹ ጋር ሌሊት የመንደሩን በሬዎች ይጠብቅ ነበር። ከብት ሌባ አለና በጨለማ መጯጯህ አይሆንም። ስለዚህ ረጅም እጀታ ያለው ቢላ መሬት ላይ ይሰካሉ፤ አንዱ እጀታውን ሲመታ ሌላው ራቅ ብሎ ጆሮውን በራሱ ቢላ ላይ አድርጎ ያዳምጣል። ድምፁ በደረቁ የግጦሽ መሬት ርቆ ይሰማል፣ በታረሰው የበቆሎ ማሳ ግን ይጠፋል። ለምን? ይህ ጥያቄ ከአእምሮው አልወጣም። በ1874 5 ሳንቲም ብቻ በኪሱ ይዞ ኒውዮርክ ገባ፣ ተምሮ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ፣ በስልክ መስመር ላይ በየተወሰነ ርቀት የሽቦ ጥቅል በማስገባት ድምፅ ሳይደክም ሩቅ አገር የሚደርስበትን መንገድ አገኘ። የበሬ ጠባቂዎቹ ጥያቄ እዚያ ድረስ ወሰደው።

መንደሩንም አልረሳም። በስሙ ላይ «ኢድቮርስኪ» ብሎ ጨመረ፤ የኢድቮሩ ማለት ነው። በገንዘቡም ለመንደሩ የሕዝብ ቤት አሠራ፣ እሱ በ1935 ካረፈ በኋላ ተጠናቀቀ።

ታዲያ ዛሬ ኢድቮር ሲባል የሚነሳው እሱ ብቻ ነው። ያሳዝነኛል። ጎብኚ የተወለደበትን ቤት አይቶ፣ ፎቶ አንስቶ ይሄዳል። የሰርቢያ ገጠር ወጣት ደግሞ መጀመሪያ ወደ ኖቪ ሳድ ወይም ቤልግሬድ፣ ከዚያ ወደ ጀርመንና ኦስትሪያ ይሄዳል። በሄደ ልጅ መኩራት ክፋት የለውም፤ የቀረው ልጅ ግን ማን ይጠይቀዋል? መንግሥት ለሙዚየም እንደሚጨነቀው ለመንደር ትምህርት ቤት፣ ለአውቶቡስ፣ ለሐኪምና ለገበሬው ምርት ዋጋም ይጨነቅ። የሕዝብ ቤቱንም ከጉብኝት አልፎ የመንደሩ ልጆች ማታ ማታ ሙያ የሚማሩበት ቢያደርጉት ደስ ይለኛል። ድምፅን በስልክ መስመር ሩቅ ያደረሰው ሐሳብ እንኳ የወጣው ከነሱ መንደር ልጅ ጭንቅላት ነው።