አንድ ሌንስ ይበቃሃል አሉኝ

«አንድ ሌንስ ምረጥና እሱን ብቻ ይዘህ ዙር» የሚሉኝ ሰዎች መርካቶ ገብተው ያውቃሉ? ዙም የማታደርገዋን 50 ሚሊሜትር ሌንሴን ይዤ ምናለሽ ተራ ገባሁ። ካሜራዬ ትንሽ ሴንሰር ያለው ካኖን ስለሆነ 50ዋ እንደ 80 አጥብባ ነው የምታየው። ቀጥቃጩን ከነብረቱ ላስገባ ብዬ ወደ ኋላ ስል ከተሸካሚ ጋር ተላተምኩ። «ዞር በል እንጂ! አታይም?» ፎቶው ላይ የተረፈው ግማሽ መዶሻና አንድ ጆሮ ነው።

ለጥምቀት ደግሞ ጃን ሜዳ ሰፋ አድርጎ የሚያየውን 24 ሚሊሜትር ይዤ ሄድኩ። ካህናቱ ጉንዳን አክለው ቁጭ!

ሁለቱንም የሚሸፍነውን 24-70 ዙም ሌንስ ግዛ ይሉኛል። ብዙ ብርሃን የሚያስገባው ባለ 2.8ቱ እኮ አንድ ኪሎ ገደማ ነው፤ አንገቴ የኔ አይደለም እንዴ? ዋጋውንማ ተዉት። የሚመክረኝ ጓደኛዬ ራሱ ቦርሳው ውስጥ አራት ሌንስ አለው።