አማራንታን ማን ይክሰሳት?

ክርክሩ የተነሳው ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ቡና እየጠጣን ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. የታተመውን የገብርኤል ጋርሲያ ማርኬዝን «የመቶ ዓመት ብቸኝነት» አንብበን ጨርሰናል። ልቦለዱ ትውልድ በትውልድ የሚተርክለት የቡዌንዲያ ቤት ሴቶች ላይ ስንደርስ መስማማት አቃተን። አንዲት የሥነ ጽሑፍ መምህርትና አንድ ነርስ አጥብቀው ስለተከራከሩ፣ ሐሳባቸውን በጽሑፍ እንዲያሰፍሩ ጠየቅናቸው።

መምህርቷ፦
«አማራንታ ክፉ ናት» ብለህ ነገሩን ዘጋኸው። እስቲ እጇን እንይ። ፒየትሮ ክሬስፒ መጀመሪያ የማደጎ እህቷ የረቤካ እጮኛ ነበር። ረቤካ ትታው ሌላ አገባች። ኋላ አማራንታን ለትዳር ሲጠይቃት እምቢ አለችውና ራሱን አጠፋ። ያኔ እጇን የምድጃ ፍም ውስጥ ከተተች። ጥቁሩን ፋሻ እስክትሞት አላወለቀችውም። እኛ አገር ሐዘንተኛ ጥቁር ይለብሳል፤ ሙት ዓመቱ ሲያልፍ ግን ዘመድ ጎረቤት «በቃሽ፣ አውልቂው» ይላል። አማራንታን «በቃሽ» ያላት የለም። ያ ቤት ሴቶቹን አያይም። ቆንጆዋ ረሜዲዮስ አንሶላ ይዛ ወደ ሰማይ ስታርግ፣ የወንድሟ ሚስት ፈርናንዳ የምትለምነው እግዜር አንሶላዎቿን እንዲመልስላት ነው! እንዲህ ባለ ቤት የታፈነ ሐዘን በገላ ይወጣል። ረቤካ አፈር ትበላለች። የፈርናንዳ ልጅ ሜሜ ፍቅረኛዋ በጥይት ከተመታ በኋላ እስክትሞት ቃል አትተነፍስም።

ነርሱ፦
መምህርት፣ ቅሬታዬ ሴቶቹን ሁሉ ታካሚ ማድረግዎ ነው። እኔ ከታካሚ ጋር ነው የምውለው። አፈር የምትበላ ልጅ ብትመጣ ደሟን አስመረምራለሁ፤ ደም ማነስ ያለበት ሰው እንዲህ ያለ ነገር ያምረዋል። ረቤካ የግድግዳ ኖራ በጥፍሯ እየፋቀች ትበላለች። እሷ ላይ ልስማማ። አማራንታ ግን አስባ፣ አቅዳ ነው የምትሠራው። የረቤካንና የክሬስፒን ሰርግ ለማስቀረት የረቤካ ቡና ውስጥ መርዝ ልትጨምር ቆርጣ ነበር። ሊያገባት የሚለምናትን ኮሎኔል ኼሪኔልዶን ስንት ዘመን ደጅ አስጠንታ እምቢ አለችው፤ ከዚያ ክፍሏን ዘግታ አለቀሰች። ሁሉንም በቤቱ ካሳበብን ለሴትዮዋ ምን ተረፋት?

መምህርቷ፦
የአማራንታ እናት ኡርሱላ አርጅታ ዓይኗ ከጠፋ በኋላ ልጆቿን እንደገና ትመረምራለች። አማራንታ ልበ ደረቅ እንዳልነበረች ያኔ ገባት። ፍቅሯ ልክ አልነበረውም፤ ፍርሃቷ ግን አሸነፋት። የወለደቻት እናት ይህን ለማየት እስክትታወር መቆየቷ በጣም ያሳዝነኛል።

ነርሱ፦
እዚያው ላይ ኡርሱላ ረቤካንም ታነሳለች እኮ። የኡርሱላን ጡት ያልጠባችው፣ የወላጆቿን አጥንት በከረጢት ይዛ የመጣችው ልጅ፣ ኡርሱላ ለዘሯ የተመኘችው ድፍረት የነበራት ብቸኛዋ ሆና ታገኛታለች። ሁለቱም ያደጉት አንድ ጣሪያ ሥር ነው። አንዷ የወደደችውን አገባች፣ አንዷ ፈራች። ጥፋቱ የቤቱ ከሆነ ልዩነቱ ከየት መጣ?

መምህርቷ፦
ጥያቄህ ከባድ ነው፣ አልሸሸውም። ግን ደፋሯስ ምን አገኘች? የወደደችውን በማግባቷ ኡርሱላ ደጄን እንዳትረግጪ አለቻት። ባሏ ሲሞት በሯን ዘግታ እዚያው አረጀች። ፈሪዋም ብቻዋን፣ ደፋሯም ብቻዋን ቀረች። አማራንታ ለረቤካ መገነዣ አዘጋጅታ ሞቷን ስትጠብቅ ኖረች። በኋላ ሞት ራሷ መጥታ የራስሽን ጀምሪ አለቻት። መገነዣው ሲያልቅ የመንደራቸው የማኮንዶ ሰው ለሙታኑ የሚልከውን ደብዳቤ ይዞ ደጇን ሞላው። በሕይወት ሳለች እንዲያ የፈለጋት ማን ነበር?

ነርሱ፦
የዚያኑ ቀን ግን ኡርሱላ ቢያንስ ከረቤካ ታረቂ አለቻት። እኛ ዘንድ ሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው የተጣላውን አስጠርቶ ይቅር ይባባላል። አማራንታ የመላውን መንደር ደብዳቤ ለመሸከም እሺ ብላ፣ አብራት ላደገችው እህቷ አንዲት ቃል ከለከለች። ያን ሰዓት ማንም አላስገደዳትም፤ እናቷ እንደውም ለመነቻት። ይቺን እምቢታ ለቤቱ አልሰጥም። የራሷ ናት።