ወንጪን በአንድ ቀን ደርሶ መልስ መሄድ ይቅርብን

ጅማ ውስጥ አሁን አሁን የጉዞ ማስታወቂያ በየቴሌግራሙ በዝቷል፣ ወጣቱ ቅዳሜና እሁድን ከቤትና ከካፌ ወጥቶ ተራራ ለተራራ መሄድ መጀመሩ በጣም ደስ የሚል ነገር ነው። አንድ አይነት ማስታወቂያ ግን ደጋግሞ ሲመጣ አያለሁና ስለሱ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ "ወንጪ ሃይኪንግ፣ የአንድ ቀን ደርሶ መልስ፣ ለሊት 10 ሰዓት ከአጂፕ እንነሳለን፣ ማታ ጅማ እንገባለን" የሚለው። እኔ በዚህ አልስማማም፣ ወንጪ ሀይቅን ከጅማ ተነስቶ በአንድ ቀን መጨረስ ለተጓዡም ለቦታውም ጥሩ አይደለም ባይ ነኝ፣ ምክንያቴን ላስረዳ።

መጀመሪያ መንገዱን እናስላው። ከጅማ ወሊሶ 235 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሰርቦን አሰንዳቦን ሰኮሩን አልፈን የጊቤን በረሃ ወርደን ወጥተን ወልቂጤን አቋርጠን ማለት ነው፣ ከዛ ወሊሶ ላይ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ታጥፈን ሌላ 40 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ አለ። ደርሶ መልሱ 550 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሆነ ማለት ነው። ሹፌሩ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ለሊት 10 ሰዓት የተነሳ ሀይሩፍ ቁርስ ተበልቶበት፣ ነዳጅ ተቀድቶበት፣ ሁለት ሶስቴ ቆሞ ሀይቁ አፋፍ ላይ የሚደርሰው ከረፋዱ 5 ሰዓት ቢፈጥን ነው። በ9 ሰዓት ካልተነሳችሁ ደሞ ጊቤ በረሃን የምትወርዱት በጨለማ ነው፣ ያውም ከለሊት ጀምሮ መሪ ይዞ በዋለ ሹፌር። ታዲያ ለእግር ጉዞው የተረፈው 4 ሰዓት ናት፣ ከሷም ላይ ምሳ አለ፣ ፎቶ አለ፣ የጠፋ ሰው መጠበቅ አለ።

አሁን ቦታውን እንየው። ወንጪ ማለት የድሮ እሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተኛ ሀይቅ ነው፣ ውሃው ከባህር ወለል በላይ 2,900 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ዙሪያውን የከበበው ተራራ ጫፉ ላይ 3,386 ሜትር ይደርሳል። መኪና የሚያወርዳችሁ አፋፉ ላይ ነው፣ እዛ ቆማችሁ ወደ ታች ስታዩ ሀይቁ፣ ደሴቶቹ፣ የተራራው ጎን ላይ የተሰቀሉት ማሳዎች፣ የእንሰቱ አረንጓዴ፣ ሁሉም አንድ ላይ ይታያችኋል። እውነት ለመናገር ብዙ ሰው እዚህ ጋር ያየውን ይዞ ቢመለስም አልፈርድበትም፣ በጣም ነው የሚያምረው። ግን ወንጪ ከላይ ታይቶ አያልቅም።

ሌላ ተራራ ላይ ስትሄዱ ትኩስ ጉልበት እያላችሁ ትወጣላችሁ፣ ሲደክማችሁ ትወርዳላችሁ። ወንጪ የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ቁልቁለት ነው፣ ቀላል ነው፣ ሰው እየሳቀ እየተጫወተ እየዘፈነ ይወርዳል፣ ጀልባ ይሳፈራል፣ ደሴቷ ላይ ያለችውን የቂርቆስን ቤተክርስቲያን ይሳለማል፣ ያያል፣ ከዛ ፀሐይዋ አናት ላይ ሆና ወይ ዝናብ ሲያጉረመርም ውጣ ይባላል። ከሀይቁ እስከ አፋፉ ዝቅ አርገን 300 ሜትር ብንል እንኳን አንዱን ፎቅ 3 ሜትር አስበን 100 ፎቅ በደረጃ እንደመውጣት ነው፣ ያውም ደረጃ በሌለበት፣ ያውም አየሩ በሳሳበት። ጅማ ያለችው 1,750 ሜትር አካባቢ ነው፣ ትላንት ማታ ፈረንጅ አራዳ ሻይ ሲጠጣ የነበረ ሰው ዛሬ በግማሽ ቀን ውስጥ ከሱ በላይ 1,500 ሜትር ከፍ ብሎ ዳገት ውጣ ሲባል ልቡ ቢመታ፣ ራሱን ቢያመው፣ ትንፋሽ ቢያጥረው አይገርምም። ስፖርተኛ ነኝ የሚለውም ላይ ይደርሳል፣ ከፍታ እንደዛ ነው፣ ሰውነት መላመጃ ጊዜ ይፈልጋል። ብርዱም ሌላ ነው፣ በየ100 ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ እየቀነሰ ስለሚሄድ ጅማ በቲሸርት የወጣ ሰው እዛ ከጅማው በ9 ወይ በ10 ዲግሪ የቀዘቀዘ አየር ነው የሚጠብቀው። ጃኬት ያዙ ብሎ የሚፅፍ ማስታወቂያ ግን ብዙም አላየሁም።

ከሁሉም በላይ ልቤን የሚነካው የእግር መንገዱ ነገር ነው። ስለ ወንጪ ሲወራ አስፋልቱ ይወራል፣ ሎጁ ይወራል፣ በ2012 የገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ይፋ ሲሆን ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ሶስቱ ውስጥ መግባቱ ይወራል፣ በ2014 ደሞ የተባበሩት መንግስታት የቱሪዝም ድርጅት ምርጥ የቱሪዝም መንደር ብሎ ከመረጣቸው አንዱ መሆኑ ይወራል፣ ሁሉም ያኮራል። የእግር መንገዱን ግን ማን ያስታውሰዋል? ድሮ ገበሬው ወደ ገበያና ወደ ቤተክርስቲያን ሲመላለስ ያወጣው መንገድ ቁልቁለቱን ዞር ዞር እያለ ነው የሚወርደው፣ በሰያፍ። እንዲህ ያለ መንገድ ዝናቡን ወደ ጎን ይሸኘዋል፣ ውሃው መንገዱ ላይ አይሮጥም። ሰዓት የጠበበው ቡድን ሲመጣ ግን ዙሩን አይዞርም፣ ከላይኛው ጠመዝማዛ ወደ ታችኛው ቀጥ ብሎ በአቋራጭ ይወርዳል፣ አንዱ ሲወርድ ሌላው ይከተላል፣ ሳሩ ይረገጣል፣ ከዛ ክረምት ሲገባ ውሃው የተዘጋጀ ቦይ አገኘ ማለት ነው።

ባለፈው የሄድኩ ጊዜ አንዷን አቋራጭ ቆሜ አይቻታለሁ። ጥልቀቷ እስከ ጉልበቴ ይደርሳል፣ ግራና ቀኟ ላይ የአስታው ስር አፈር ተጠርጎበት ወጥቶ ተንጠልጥሏል፣ ወለሏ ላይ ድንጋይና አሸዋ ብቻ ነው የቀረው፣ ለም የነበረው ጥቁር አፈር ታች ማሳው ጫፍ ላይ ተከምሯል። አብሮኝ የነበረው ፈረስ የሚስበው ልጅ በኦሮምኛ "ይቺ መንገድ አልነበረችም፣ እናንተ ናችሁ ያወጣችኋት" አለኝ፣ ተቆጥቶም አይደለም፣ እንዲሁ ነገሩን ሲያሳውቀኝ። ፈረሶቹ አሁን እዛ ጋር አይገቡም፣ ሰኮናቸው ይንሸራተታል፣ ስለዚህ ከጎኗ ሌላ አዲስ መንገድ ጀምረዋል፣ እሱም ነገ እንደዛው ነው። የሀይቁ ውሃ ዙሪያውን ካለው ቁልቁለት ነው የሚጠራቀመው፣ ቁልቁለቱ ላይ ያለው አፈር ደሞ መጨረሻው ሀይቁ ነው፣ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አቋራጩን የሚወልደው ችኮላ ነው። ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ በ9 ሰዓት መኪናው ጥሎን ይሄዳል የተባለ ሰው ዙሩን አይዞርም።

ሌላው ችኮላ የሚያሳጣን ሰዎቹን ነው። ወንጪ ላይ የአካባቢው ገበሬዎች በማህበር ተደራጅተው ፈረሱንም አስጎብኚነቱንም ጀልባውንም በተራ ሲሰሩ የኖሩበት አሰራር አለ፣ ዛሬ የኔ ፈረስ ነገ የጎረቤቴ፣ ገቢው ለሁሉም እንዲደርስ። የአንድ ቀን ተጓዥ አስጎብኚ አይፈልግም፣ ምክንያቱም የሚሄደው እስከ ሀይቁ ጫፍ ነው፣ ምሳውን ከጅማ አሲዞ ነው የሚመጣው፣ የሚተወው ገንዘብ መግቢያውንና ምናልባት የጀልባውን ነው፣ ፕላስቲኩን ደሞ ሳይዝ የሚሄድ አለ። አስጎብኚ ይዞ ቀኑን ሙሉ የሚሄድ ግን ሀይቁን ተሻግሮ ወደ ሸለቆው ይገባል፣ ፍልውሃው ጋር ይደርሳል፣ በውሃ የሚዞረውን የእህል ወፍጮ ያያል፣ በእንሰቱ መሀል ያልፋል፣ ቤት ገብቶ ቆጮ በጎመን ይበላል። እኛ የጅማ ሰዎች ደሞ እዚህ ላይ ትልቅ እድል አለን፣ አብዛኛዎቻችን አማርኛም ኦሮምኛም እንናገራለን፣ ከእናቶቹ ጋር አስተርጓሚ ሳንፈልግ "እናቴ፣ እንሰቱ ስንት አመቱ ነው?" ብለን ቁጭ ብለን መጫወት እንችላለን። ከሩቅ አገር የሚመጣ ቱሪስት ከፍሎ የማያገኘውን ነገር እኛ በሩጫ ነው የምናልፈው።

ሰሜን ተራሮች ስንሄድ እንዲህ አናስብም እኮ። ራስ ደጀን በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የሚል ሰው የለም፣ ሳንቃበር አለ፣ ግጭ አለ፣ ጨነቅ አለ፣ በየካምፑ እያደሩ ነው፣ አስጎብኚና ስካውት (የፓርኩን ጥበቃ) ይዞ ነው፣ ባሌም 4,000 ሜትር ሊሞላ ምንም ያልቀረውን የገርባ ጉራቻን ሀይቅ ለማየት ሰው ድንኳኑን ጭኖ ነው የሚሄደው። ወንጪ ወደ አዲስ አበባ በምንሄድበት መንገድ አቅራቢያ ስለሆነ ብቻ እንደ ሽርሽር ቦታ ቆጠርነው። ከፍታው ግን ሽርሽር አይደለም።

የሚነሳው ተቃውሞ ይገባኛል፣ ብር ነው። በተለይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ማደሪያ ተጨምሮበት አይችልም ይባላል። እውነት ነው ሎጅ ማደር ለብዙዎቻችን አይሆንም፣ ግን ማን ሎጅ እደሩ አለ? ወሊሶ ከተማ በአቅም ፔንሲዮን ሞልቷል፣ ለሁለት ለሶስት ሆኖ አንድ ክፍል ይያዛል። አርብ ከሰዓት ተነስቶ ወሊሶ ማደር፣ ቅዳሜ በጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል አፋፉ ላይ መገኘት፣ ቀኑን ሙሉ ተረጋግቶ መሄድ፣ ማታ ወሊሶ ተመልሶ ማደር፣ እሁድ ጠዋት ወደ ጅማ። አንድ ሌሊት ብቻ ከሆነ የሚቻለው ደሞ ቅዳሜ በጠዋት ተነስቶ ወሊሶ ማደር፣ እሁድ በማለዳ ወርዶ ከምሳ በፊት መውጣት ይቻላል፣ ከዝናቡም ከፀሐዩም ይቀደማል። በአመት አራቴ በችኮላ ከመሄድ አንዴ በደንብ መሄድ አይሻልም?

አንድ ቀን ብቻ ላለው ሰው ደሞ እዚሁ አጠገባችን ስንት አለ። በቦንጋ መንገድ ከጅማ አንድ ሰዓት ምናምን ነድቶ በለጠ-ጌራ የሚባል ጫካ አለ፣ ጥላ ስር በራሱ የበቀለ ቡና መሀል ነው የምትሄዱት፣ ጉሬዛ ከላያችሁ እየዘለለ። ጠዋት ከመርካቶ በእግር ጅሬን ወጥቶ የአባ ጅፋርን ቤተመንግስት አይቶ መመለስም ራሱን የቻለ የእግር ጉዞ ነው፣ ለወንጪ ዳገትም ሳንባ ያሰራል።

ስለዚህ ጉዞ ለምታዘጋጁ ወንድምና እህቶቼ የምለው ግልፅ ነው። ቀጣዩን የወንጪ ማስታወቂያ ስትለቁ ሁለት ቀን ብላችሁ ፃፉ። የአካባቢውን አስጎብኚ ክፍያ ከመጀመሪያው ዋጋው ውስጥ አስገቡት፣ እዛ ደርሶ "የፈለገ ይክፈል" አይባልም። ዳገቱ መጨረሻ ላይ እንደሆነ ለሰው ንገሩት፣ ልብና አስም ያለበት በፈረስ እንዲወጣ ቀድማችሁ ጠይቁት። ከሐምሌና ነሐሴ ይልቅ ከመስከረም መጨረሻ በኋላ ያለውን ጊዜ ምረጡ፣ ያኔ ጭቃው ደርቋል፣ አደይ አበባውም አልረገፈም። አንድ መሪ ከፊት፣ አንድ ሰው ከኋላ አርጉ፣ ከኋላ ያለው ስራው ማንም በአቋራጭ እንዳይወርድ ማየት ይሁን። ቦታውን የሚያስተዳድሩትም አካላት በየጠመዝማዛው ላይ ምልክት ቢተክሉ፣ የተከፈቱትን አቋራጮች በእሾህና በድንጋይ ቢዘጉ፣ ከአስፋልቱ ጋር ሲወዳደር ወጪው ከቁጥር የሚገባ አይደለም፣ ለፈረስ ጎታቾቹም ከክረምቱ በፊት የሚሰሩት የሚከፈልበት ስራ ይሆናል።