ብልቃጡ ለአንድ ሕፃንም ቢሆን ይከፈት

በቅርቡ ከአንድ ጤና ጣቢያ ደጃፍ፣ የዘጠኝ ወር ልጇን ያዘለች እናት የክትባት ካርዷን እንደያዘች ስትመለስ አገኘኋት። ልጇ ሳይከተብ የቀረው ክትባቱ ስላለቀ አልነበረም፤ «ዛሬ ልጆች አልሞሉም፣ ሐሙስ ነይ» ተብላ ነው።

የኩፍኝ ክትባት በብዛት የሚመጣው ለ10 ልጆች በሚበቃ ብልቃጥ ነው። ዱቄቱ በማሟሟያው ከተበጠበጠ በኋላ ከ6 ሰዓት በላይ ስለማይቆይ፣ የተረፈው ይደፋል። ባለሙያው ለባከነው ተጠያቂ እንዳይሆን ልጆች እስኪሰባሰቡ ቢጠብቅ አልፈርድበትም። ነገር ግን በሪፖርቱ ላይ የሚሰፍረው የተደፋው ክትባት እንጂ ሳይከተብ የተመለሰው ልጅ አይደለም። ያች እናት ደግሞ ሐሙስ ገበያ ሊኖርባት፣ ሌላው ልጇ ሊታመምባት ይችላል።

ኩፍኝን «ማንም ልጅ ሳይወጣለት አይቀርም» ብሎ ማቃለል አሁንም አልቀረም። በሽታው ግን ያልተከተቡ ሰዎች በበዙበት ሰፈር ከአንድ ታማሚ ወደ 12 ወይም 18 ሰዎች ሊዛመት ይችላል፤ በምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን ሲያገኝ ሳንባ ምች ያስከትላል፣ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል። ሥርጭቱን ለመግታት ከ100 ልጆች 95 ያህሉ ሁለቱን ክትባቶች፣ ማለትም በ9ኛውና በ15ኛው ወር የሚሰጡትን፣ መውሰድ አለባቸው። ለክትባቱ ያልደረሰውን የአራት ወር ጨቅላ የሚጠብቀው የጎረቤቱ ልጅ መከተብ ነው።

ክትባት ምን እንደሚሠራ እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ እናውቃለን። የፈንጣጣ ዘመቻ ሠራተኞች በእግርና በበቅሎ ቆላ ደጋውን አዳርሰው፣ በሽታው ከአገራችን የጠፋው በ1968 ዓ.ም. ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ ክትባቶች በ50 ዓመታት ውስጥ ካተረፉት 154 ሚሊዮን ሕይወት 60 በመቶ ያህሉ የተገኘው በኩፍኝ ክትባት ነው። እኛ ዘንድ ግን በ2011 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ከሆናቸው ልጆች መሠረታዊ ክትባቶችን አሟልተው የተገኙት 43 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ከጤና ኬላው ርቀት፣ ከመንገዱ፣ ከግጭቱ ጋር ሲነጻጸር የብልቃጡ ጉዳይ ትንሽ ይመስላል። ሆኖም መንገድ መሥራት ዓመታት ሲፈጅ፣ ይህ በአንድ መመሪያ የሚስተካከል ነው፤ የሚፈቀደው ብክነት በግልጽ ይወሰን፣ ባለሙያው ለአንድ ልጅ ብልቃጥ ስለከፈተ አይጠየቅ፣ ሳይከተቡ የተመለሱ ልጆች ቁጥርም በየወሩ ሪፖርት ይደረግ።