ማስተካከያ፦ የጡረታው 18 በመቶ ከሠራተኛው ብቻ አይቆረጥም

ሰሞኑን ጅማ ውስጥ በካፌና በቡና ማበጠሪያ ሠራተኞች ዘንድ በቴሌግራም የተሰራጨ ጽሑፍ፣ የግል ድርጅት የጡረታ መዋጮ 18 በመቶው በሙሉ ከሠራተኛው ይቆረጣል ይላል። ስህተት ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ላይ እንደሰፈረው፣ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ ከራሱ ኪስ 11 በመቶ ይከፍላሉ።

የወር ደመወዙ 5,000 ብር የሆነ ሰው የሚቆረጥበት 350 ብር ነው። 550ው የአሠሪው ዕዳ ነው። ይህ ለዝቅተኛ ተከፋይ የአስቤዛ ገንዘብ ነውና ቀላል ልዩነት አይደለም። ጽሑፉን አምኖ 900 ብር ያስቆረጠ ካለ፣ የደመወዝ ወረቀቱን ይዞ 550ው እንዲመለስለት ይጠይቅ። መብቱ ነው።

አሠሪው መዋጮውን ካላስገባስ? አዋጁ ዕዳው ከባንክ ሂሳቡ እንዲሰበሰብ ይፈቅዳል።